የአፋፉ ወይን

ከቢቸና ከተማ ወጣ ብሎ፣ ደጋው አልቆ መሬቱ ወደ ዓባይ በረሃ ማቆልቆል ከሚጀምርበት ላይ፣ ሰው «አፋፉ» እያለ የሚጠራው የወይን ቦታ አለ። ወይኑን የተከሉት አለቃ ገብረ ክርስቶስ የሚባሉ ካህን ነበሩ። ደብራቸው ለቅዳሴ የሚሆን ዘቢብ ከሩቅ እያስመጣ ሲቸገር አይተው፣ ከአንድ ወዳጃቸው ጓሮ ቅርንጫፍ ቆርጠው አምጥተው በድንጋያማው መሬት ላይ ሰኩት። ያን ጊዜ ያገሩ ሰው፣ አለቃ ጤፍ እንቢ ባለው መሬት ላይ ጭራሮ ተከሉ ብሎ ሳቀባቸው። ጭራሮው ግን ያዘ። ዛሬ ግንዶቹ እንደ ሰው ጭን ወፍረው፣ ተጣመው፣ ቅርፊታቸው እንደ አሮጌ ገመድ ተተልትሎ ይታያሉ። በሌላ ተክል ሥር ላይ የተዳቀለ ከመሀላቸው አንድም የለም። እያንዳንዱ በገዛ ሥሩ ድንጋዩን ሰንጥቆ ገብቷል።

የአለቃ ልጅ አቶ አምላኩ ሲሞቱ ቦታው ለሁለቱ ልጆቻቸው፣ ለጸደንያና ለታደለ ደረሰ። ታናሽየው ታደለ ሞጣ ላይ ትዳር ይዞ፣ መጋዘን ከፍቶ እህል ይነግዳል። ጸደንያ ባሕር ዳር የምግብ ሳይንስ ተምራ መጠጥ ፋብሪካ ውስጥ ዓመታት የሠራች ሴት ናት። አባቷን ለመቅበር መጥታ፣ ከቀብሩ ማግስት አፋፉን ዞራ አየችና ካሮጌው ግንድ አንድ ዘለላ ቆርጣ ቀመሰች። ከዚያ በኋላ ወደ ፋብሪካው አልተመለሰችም።

መካሪ አልጠፋም። የግብርናው ባለሙያ ለሷው አስቦ፣ አሮጌው ወይን ምርቱ ትንሽ ስለሆነ ነቅላ የተዳቀለ ችግኝ ብትተክል እጥፍ ድርብ እንደምታገኝ ነገራት። ታደለ፣ ባሕር ዛፍ እናድርገው፣ ባሕር ዛፍ ጠባቂ አይፈልግም አለ። ጸደንያ ሁሉንም አዳመጠችና፣ ከዚህ ወይን ብቻ ቀይ ወይን እጠምቃለሁ፣ ትንሽ ቢሆንም የትም የማይገኝ ይሆናል አለች። ደግፈው የቆሙላት የቅኔ መምህሩ የኔታ አካለ ወልድ ብቻ ነበሩ።

«ልጄ፣» አሏት፣ «ሰው ሁሉ በሰው ሥር ያድራል። ይኼ ወይን በገዛ ሥሩ ያደረ ነው። አትንኪው።»

ታደለም የእህቱን ነገር ያውቃልና ብዙ አልታገላትም። የመጋዘኑን እኩሌታ ለቀቀላት። መጭመቂያውን፣ የብረት በርሜሎቹንና የጠርሙስ መሙያውን እዚያው ሞጣ ተከሉ። ወይኑ በየዓመቱ ቢቸና ይለቀማል፣ በአይሱዙ ተጭኖ በደብረ ወርቅ በኩል በዚያው ቀን ሞጣ ይገባል። ጠርሙሱ ላይ በሚለጠፈው ሌብል «አፋፍ» ተብሎ ተጻፈ፤ ከሥሩም «ከአንድ ቦታ ብቻ» የሚል። ባሕር ዳር ያለ አንድ ሆቴል ቀምሶ ወደደው፤ በየዓመቱም ይወስድ ጀመር።

በአምስተኛው ዓመት፣ ፋሲካ አልፎ ወይኑ ጠቁሮ ሲያበቃ፣ የቢቸናና የሞጣ መንገድ ተዘጋ። ተኩስ አለ ተባለ፤ መኪና ቆመ፤ የቢቸና ስልክም ጠፋ። ታደለ ሞጣ፣ መጭመቂያው ሞጣ፣ በርሜሉ ሞጣ፤ ወይኑ ቢቸና።

ጸደንያ ጠዋት ጠዋት አፋፉ ላይ ወርዳ ፍሬውን ትቀምስ ነበር። ጣፋጩ እየበዛ፣ ኮምጣጣው እየራቀ ሄደ። ፍሬው ውስጥ ያለው ዘር አረንጓዴነቱ ለቆ ቡናማ ሆነ፤ ንቡም ወፉም ቀድሟት ይገኛል። ከጮቄ ተራራ በኩል ከሰዓት በኋላ የሚነሳው ደመና ደግሞ ደግ አልነበረም። ጎረቤቷ ቢያድግልኝ፣ መንገዱን የሚከፍተው እግዜር ነው፣ ይልቅ ዘርግተሽ ዘቢብ አድርጊውና ለቤተ ክርስቲያን ስጪው፣ ጽድቅም ነው አላት። ምክሩ ክፉ አልነበረም። ለቤተ ክርስቲያን የሚደርሰው ድርሻ ግን ድሮም ተለይቶ የሚቀመጥ ነው፤ የቀረውን ደግሞ ወይን ለማድረግ ወስናለች። መጭመቂያው ወደ እሷ ካልመጣ ያለ መጭመቂያ እንደምታደርገው ነገረችው።

በቀጥታ የሄደችው ጠላና ጠጅ በመጥመቅ ስማቸው ከታወቀው ከእትዬ ዘሪቱ ዘንድ ነበር። አዲስ ጋን እንዲያፈላልጉላት፣ ጋኑም በፈላ ውሃ ብቻ እንዲታጠብ፣ በወይራ እንዳይታጠን ለመነቻቸው። እትዬ ዘሪቱ ይህን ሲሰሙ ቅር አላቸው።

«ያልታጠነ ጋን ውስጥ መጠጥ ልታገቢ? ሰውስ እኔን ምን ይለኛል?»

«እትዬ፣ ጭሱ ከገባበት ጠጪው የሚያውቀው ወይራውን ነው። እኔ ደግሞ አፋፉን እንዲያውቅልኝ ነው የምደክመው።»

ሴትዮዋ ነጠላቸውን አንስተው ራሳቸው ወደ ሸክላ ሠሪዎቹ መንደር መሯት። በማግስቱ ጋኖቹ ጭድ ተደርጎላቸው በአህያ አፋፉ ደረሱ። ከኋላቸው የእትዬ ዘሪቱ የማኅበር ሴቶች መጡ። ጸደንያ ይህን አልጠየቀችም ነበር፤ ልታመሰግናቸው ስትል እትዬ ዘሪቱ፣ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፣ እኛም ሥራ ፈተን ነው የመጣነው ብለው አሳለፉት።

ለቀማው ተጀመረ። ዘለላው በሰፌድ እየተመረጠ ቀንበጡና ቅጠሉ ይወጣል፤ የተመረጠው ከብት ውሃ ይጠጣበት ዘንድ ተፈልፍሎ ገና ውሃ ባልነካው የቢያድግልኝ የእንጨት ገንዳ ውስጥ ይገባል። ሴቶቹ እግራቸውን እስከ ጉልበት ታጥበው ይረግጡታል። መጀመሪያ ይሳሳቁ ነበር፤ ኋላ አንዷ ዘፈን አወጣች፤ ሌሎቹ ተቀበሏት፤ እግሩም ከዘፈኑ ጋር ገጠመ። ጸደንያ ጭማቂውን ከነልጣጩ እየቀዳች ጋኑ ውስጥ ትጨምራለች። ቀዩን ቀይ የሚያደርገው ልጣጩ ስለሆነ አንዱም እንዲጣል አልፈለገችም።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ በረዶው ወረደ። ሴቶቹ ሸራ ሥር ገቡ፤ ጸደንያ ጋኖቹን ስትከድን ትከሻዋንና እጇን ቀጠቀጣት። ሲያባራ ታችኛው የቦታው ክፍል ቅጠሉ ተበሳስቶ፣ ፍሬው ፈንድቶ መሬት ላይ ተበትኖ ነበር። አንዲት ሴት ሳይበላሽ እንልቀመውና እንጨምረው ብላ ጎንበስ ስትል፣ ጸደንያ እጇን ያዘቻት። የፈነዳ ፍሬ በአንድ ሌሊት ይሻግታል፤ ሻጋታው የደህናውን ጣዕም ይዞ ይሄዳል። ያን ሁሉ ፍሬ ጠርገው ከቦታው ውጪ አፈሰሱት። እሷ ራሷ ከሌሎቹ ቀድማ ጠርጋ ጨረሰች።

ወይኑ እርሾ ሳይጨመርበት በራሱ መፍላት ጀመረ። ሁለት ቀን ሳይሞላው ጋኖቹ ውስጥ እንደሚንተከተክ ሽሮ ድምፅ ይሰማ ነበር። ጸደንያ እጇን ጋኑ ላይ ስታሳርፍ ደነገጠች። በረዶው ከወረደ ወዲህ በላያቸው ከተጋረደው ቆርቆሮ ሥር ያለው ሙቀት ከፍላቱ ጋር ተደምሮ ጋኑ ከሰው ገላ በላይ ግሏል። ሞጣ ቢሆን በርሜሉን ቀዝቃዛ ውሃ እያፈሰሰችበት ታበርደው ነበር። እዚህ እንዲህ ከቆየ እርሾው ይሞታል፤ ወይኑም ኮምጣጤ ይሆናል። ቢያድግልኝንና ወንድሞቹን ጠርታ፣ ከቦታው ዳር ካለው ትልቅ የወይራ ዛፍ ጥላ ሥር ጋን እስከ አንገቱ የሚውጥ ጉድጓድ እንዲቆፍሩ ነገረቻቸው።

መሬቱ ድንጋይ ነው። ዲጅኖው ሲያርፍበት እሳት ይተፋል። ቢያድግልኝ ላቡን እየጠረገ፣ ወይኑ ይህን እንዴት ሰንጥቆ ገባ አለ። ሆኖም ቆፈሩ፤ እሷም ቆፈረች። ባዶውን ጋን ጉድጓድ ውስጥ እያቆሙ፣ ከሞላው በባልዲ እየገለበጡ፣ ባዶ የቀረውን ደግሞ ወደሚቀጥለው ጉድጓድ እያዞሩ ሄዱ። ወደ መጨረሻው ላይ ግን አንዱን ጋን፣ ይህ ጎዶሎ ስለሆነ ከነወይኑ እንሸከመው ብለው አነሱት። ቢያድግልኝ ድንጋይ አዳለጠው፤ ጋኑ ወድቆ ተሰነጠቀ፤ ቀዩ ጭማቂ እግራቸው ሥር ፈሶ አፈሩ ጠጣው። ሰውየው ከወደቀበት ሳይነሳ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

ጸደንያ ቁማ አየችው። ከዚያ ቀርባ ክንዱን ያዘችና፣ «ተጎዳህ?» አለችው። አልተጎዳም። «እንግዲያው ተነሳ። የቀሩት እየጋሉ ነው።»

ከመምሸቱ በፊት የቀሩት ሁሉ መሬት ገቡ። ልጣጩ ወደ ላይ እየተንሳፈፈ እንዳይደርቅ በየቀኑ በረዥም እንጨት ትደፍቀው ነበር። ፍላቱ ሲበርድ አጥልላ፣ መልሳ ሞልታ፣ ክዳኑን በሰምና በጭቃ መረገችው። ክረምቱም ገባ።

መንገዱ የተከፈተው ሐምሌ ሲጋመስ ነው። ጸደንያ በመጀመሪያው ሚኒባስ ተሳፍራ ሞጣ ገባች፤ ሐሳቧ ቱቦና ባዶ ጠርሙስ ይዞ ለመመለስ ነበር። መጋዘኑ በር ላይ ስትደርስ ካርቶን እስከ ጣራ ተደርድሮ አየች። አንዱን ከፈተችው። ጠርሙሱ ሙሉ ነው፤ ሌብሉም «አፋፍ፣ ከአንድ ቦታ ብቻ» ይላል።

ታደለ እህቱን በሕይወት በማየቱ አቅፎ አለቀሰ። ካርቶኑን ስትጠይቀው ግን ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። ነገሩን ሲያስረዳት፣ መንገዱ በተዘጋ ሰሞን ከቢቸና በእግሩ የመጣ ሰው፣ አፋፉን በረዶ ጨርሶታል ብሎ ነግሮት ነበር። ሆቴሉ ውል አለን ብሎ ይጨቀጭቀዋል፤ ሠራተኞቹ እጁን ያያሉ። በባሕር ዳር በኩል መንገዱ ክፍት ስለነበር ከሌላ ቦታ የተጠመቀ ወይን አስመጥቶ፣ ካምናው የአፋፉ ትራፊ ጋር ቀላቅሎ ሞላው። የሆቴሉ መኪና ነገ ጠዋት ይመጣል።

«መጥፎ ወይን አይደለም እታለም፣» አላት። «ቅመሽው። ማንም አይለየውም።»

«እኔ እለየዋለሁ። አንተም ትለየዋለህ።»

«ቤቱ እንዲዘጋ ነው የምትፈልጊው? አንቺ ጠፍተሽ እኔ ብቻዬን ምን ላደርግ ነበር?»

«ወይኑን መግዛትህ አልከፋኝም፤ ቤቱን አቆይተሃል። ስሙን ነው የማልሰጥህ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል፤ ይህ ደግሞ የኛ ብቻ አይደለም፣ ወይኑን የተከሉት የአያታችንም ስም ነው።»

መልስ አልጠበቀችም። ገንዳ ውስጥ ሙቅ ውሃ አስሞልታ ጠርሙሶቹን እየነከረች ሌብሉን በቢላ ጀርባ ትፍቅ ጀመር። ታደለ ተናዶ ወጣ። ቤቱ ሄዶ ሚስቱ ምስራቅ ያፈላችውን ቡና ሳይጠጣ ተነሳ። ሲመለስ እህቱ ገና ከመጀመሪያው የካርቶን ረድፍ አልወጣችም፤ በረዶ የመታው እጇ በሙቁ ውሃ ቀልቶ ነበር። በሩ ላይ ቆሞ ጥቂት አያት። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ወደ ሆቴሉ ደወለ።

የሆቴሉ ሰው በስልክ ብዙ ተናገረ። ታደለ እየሰማ፣ አዎ ጌታዬ፣ አዎ፣ አፋፍ ሳይሆን ሌላ ወይን ነው፣ ከወደዱት በሌላ ስም ይውሰዱ፣ ካልወደዱት መኪናውን አይላኩ ይል ነበር። ሲጨርስ እጅጌውን ሰብስቦ ከጎኗ ተቀመጠ።

«ግማሹን ይወስዳል፣» አላት። «ተቆጥቷል። ለሚቀጥለው ዓመት ቃል አልሰጠኝም።»

«እኛም ገና ቃል የምንሰጥበት ወይን አላሳየነውም፣» አለችና ሌላ ቢላ አቀበለችው።

የቀረውን ግማሽ «የሞጣ ቀይ» ብለው በገበያው ሸጡት፤ ለመሸጥ ረዥም ጊዜ ወሰደ። አፋፉ ላይ መሬት ውስጥ የተቀበረው ወይን መስከረም መጨረሻ ላይ ተከፈተ። ታደለ ራሱ ቢቸና ወርዶ ነበር። እትዬ ዘሪቱና የኔታም ተጠርተው መጡ። ሁለት ጋን ኮምጥጦ ተገኘ፤ ጸደንያ ሳታቅማማ ደፋችው። የቀረው ደህና ነበር። ጥቁር ቀይ፣ ጠንከር ያለ፣ መጨረሻው ላይ አፍ የሚያደርቅ ነገር ያለው። የኔታ ጥቂት ቀምሰው ደገሙ፤ እትዬ ዘሪቱ ብርሌያቸውን እንደገና አስቀዱ። ታደለ ቅምሻውን በአፉ ውስጥ ብዙ አቆየው።

«ሞጣ ላይ እንዲህ ሆኖልን አያውቅም፣» አለ በመጨረሻ።

«ጉዞ አላናወጠውማ፣» አለች ጸደንያ። «ታደለ፣ መጭመቂያውን ወደዚህ እናምጣው።»

መጋዘኑን፣ መብራቱን፣ የተከለውን ብሎን ሁሉ እያነሳ ተከራከራት። እሷ አንድ በአንድ መለሰችለት። መብራት ባይኖር በእጅ የሚዞር ነው፤ መንገዱ ነገም ቢዘጋ ወይኑ እዚያው ባለበት ይጨመቃል። ታኅሣሥ ላይ፣ መገረዣው ጊዜ ሲደርስ፣ ወንድምና እህት መጭመቂያውን ፈትተው በአይሱዙ ጫኑት። ደብረ ወርቅ ሳይደርሱ ጎማው ፈንድቶ ከፀሐይ ጋር ሲታገሉ ዋሉ። አፋፉ ሲደርሱ ቢያድግልኝና ወንድሞቹ መሠረቱን ቆፍረው፣ ድንጋይ ደርድረው ጠብቀዋቸዋል። ብረቱ ከባድ ነበር። ጸደንያ አንዱን ማዕዘን፣ ታደለ ሌላውን ያዙና፣ ሰዎቹ «እሺ፣ አሁን» ሲሉ አብረው አነሱት።