አገርህ ግባ

ባሌ ጠና የሞተው በፈቃድ ላይ ነው። እንዲህ ያለው የጥጥ መዳመጫው ጸሐፊ ነው። አቧራችን ሳንባውን በላው አላለም፤ በፈቃድ ላይ ሞተ አለ።

እኛ ከምባታዎች፣ የዱራሜ ሰዎች ነን። በጃንሆይ ጊዜ መሬቱ የባላባት፣ ግብሩ የኛ ስለነበር ወንዶቻችን ቆላ ወርደው ፋብሪካ ይቀጠሩ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ሠርተው ለመስቀል አገር ይገባሉ። ጠናም እንደዚያው ነበር። በመጨረሻው ዓመት ግን የመጣው ሳሉ ነው፤ ጠናን አስከትሎ መጣ።

መሳፈሪያውን የሰጡት የፋብሪካው አለቆች ናቸው። «የቆላው አየር ነው የጎዳህ፤ አገርህ ግባ፣ ቅቤ ጠጣ፣ ይሻልሃል» ብለው ሸኙት። እኛም ሞኞቹ መረቅናቸው። አማቴ ቅቤ እያቀለጠች አጠጣችው፤ ጸሎት ቤት ሄደን ለአለቆቹ ዕድሜ ለመንንላቸው! የመስቀሉ ሥጋ ሳያልቅ ጠናን ቀበርነው።

ካሳውን ልጠይቅ ቆላ ወረድኩ። ጸሐፊው ከወንበሩ ሳይነሳ ሰማኝ።

«ባልሽ ሥራ ላይ አልሞተም። ፈቃድ ወስዶ ሄዶ ቤቱ ነው የሞተው። ለሱ ካሳ የለም።»

«ጌታዬ፣ በሽታው የያዘው እዚህ ነው።»

«በምን ታውቂያለሽ? የናንተ አገር ብርድ ነው። ብርድ መትቶት ይሆናል።»

ሲሸኙት ቆላው ነበር የገደለው፣ ካሳ ሲጠየቁ ደግሞ ደጋው ሆነ። አያ ጅቦ ሳታመኻኝ ብላኝ ማለት ይኼ ነው። ፊቴን አዙሬበት ወጣሁ።

በር ላይ ዘበኛው ቃሲም አስቆመኝ፤ ሃዲያ ነው፣ የፎንቆ ሰው። «እህቴ፣ አትልፊ» አለኝ ዝቅ ብሎ። «እየሳለ የወደቀ ሁሉ መሳፈሪያ ይሰጠውና አገሩ ይላካል። ያንቺ ባል የመጀመሪያው አይደለም። አምና አንድ የአንጋጫ ልጅ ሳል ይዞት እዚሁ ማሽኑ ሥር ሞተ፤ ለሚስቱ ከፈሏት። ሬሳ ፊታቸው ሲጋደም መካድ ያቅታቸዋል።»

በዓመቱ የጠና ታናሽ ወንድም አበራ መሳፈሪያ ተሰጥቶት ከዚያው ፋብሪካ መጣ። መስቀል ገና ሩቅ ነበር። ሳሉ የጠና ሳል ነበር። ሆሳዕና ከተማ ወስደን አስመረመርነው፤ ሐኪሙ ሳንባው አልቋል፣ ብዙም አይቆይም አለን። ቤት ስንመለስ ሚስቱ ጵርስቅላ ትንሹን ልጅ ታቅፋ፣ ሦስቱ እግሯ ሥር ተኮልኩለው ተቀምጣለች፤ አማቴ ደግሞ ቅቤ ጥዳለች።

ድስቱን ከእሳቱ አወረድኩት።

«ነገ ቆላ ይመለሳል» አልኩ።

«አብደሻል?» አለች አማቴ። «ልጄን በሰው አገር ልታስቀብሪብኝ ነው? በአባቱ መሬት፣ በወንድሙ አጠገብ ነው የሚያርፈው!»

እውነቷን ነው። በኛ ዘንድ ሰው ሩቅ አገር ቢሞት እንኳ ሬሳው ተለምኖ ይመጣል። ይህን ልማዳችንን ያ ጸሐፊ ከኛ በላይ ያውቀዋል፤ የሚነግደውም በሱ ነው።

አበራ ከመደቡ ላይ ቀና አለ። «እትዬ ውቢት፣ እዚያ ብሞት ለጵርስቅላ ይከፍሏታል?»

«አንቄ አስከፍላቸዋለሁ።»

«በይ ውሰጂኝ።»

ጵርስቅላ ልብሱን አጥባ አሰናዳችለት። አማቴ ግን ሎንቺናው እስኪነሳ ድረስ የመኪናውን በር ይዛ ረገመችኝ።

ፋብሪካው በር ላይ በቃሬዛ አስቀመጥነው። ጸሐፊው እየሮጠ ወጣ።

«አንቺ ሴትዮ! የታመመ ሰው ይዘሽ ምን አመጣሽ? መሳፈሪያ ልጨምርላችሁ፣ ውሰጂው።»

«መሳፈሪያህን ብላው! ወይ አሳክመው፣ ወይ እዚሁ ቅበረው።» ባለፈው ጌታዬ ስለው የነበረውን ሰውዬ አንተ አልኩት፤ ደስም አለኝ።

አበራን አየው፣ አጥሩን አየው። «ከበር ውጪ ነው ያለው» አለ ቀዝቀዝ ብሎ። «ከበር ውጪ ያለ ሰው እኛን አይመለከተንም።»

እግዜር ያሳያችሁ! ሰው እየሞተ እሱ አጥር ይለካል።

ቃሲም በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው። ሠራተኞቹ ፈረቃ ሊቀይሩ ግቢው ውስጥ ቆመው ነበር፤ ሃዲያው፣ ከምባታው፣ ወላይታው ተጋግዘው ቃሬዛውን አነሱና ጸሐፊውን ገፍተው አለፉ። አበራን ማሽኑ አጠገብ፣ ጥጡ ላይ አስተኙት። ማሽኑን አጠፉት። አለቃቸው ካቦው ቢጮህ፣ ቢሳደብ፣ ማሽኑን የሚነካ ጠፋ።

አበራ እዚያው፣ እጄን እንደያዘ ሞተ። ጸሐፊው በሁሉም ፊት ይከፈላል ብሎ እስኪናገር ድረስ ማሽኑ አልተነሳም።

ሬሳውን አገሩ ላስገባ ብል ሙቀቱ አላስኬደኝም። ከፋብሪካው ጀርባ ቀበርነው።

ብሩን ይዤ ዱራሜ ስገባ መርዶው ቀድሞኝ ደርሶ ለቅሶው ያለሬሳ ተቀምጦ ነበር። ብሩን አማቴ ፊት አኖርኩት። ቃሲም ሥራውን አጥቷል፣ ልጇ ሰው አገር ቀርቷል፣ እኔም በጠና ሞት አንድ ሳንቲም አላገኘሁም፤ ይህን ሁሉ ልነግራት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«ይኼንን ነው የምቀብረው?» አለችኝ።

ጵርስቅላ ተነስታ ብሩን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው፤ ልጆቹ ከጠዋት ጀምሮ አልበሉም ነበር።