ፌች ያሉበት ምሽት

«ንኪያቸው» አሉ ጎረቤቷ ሚስስ ሃርከር። «የሬሳን ግንባር ያልነካ ሰው ሟቹን በሕልሙ ሲያይ ነው የሚኖረው።»

ዶርካስ ሁለት ቀን ሙሉ ለሐዘንተኛው ሻይ ስትቀዳና የአሳማ ሥጋ ስትቆርጥ ቆይታለች፤ ወደዚህ ክፍል ግን ስትገባ ገና የመጀመሪያዋ ነው። መጋረጃው ተዘግቷል፣ መስታወቱ በአንሶላ ተሸፍኗል። አባቷ አሞስ ትዌት የእሁድ ልብሳቸውን ለብሰው ክዳኑ ገና በሚስማር ባልተመታ የሬሳ ሣጥን ውስጥ ተጋድመዋል። እጇን ዘርግታ ግንባራቸውን ነካች። እንባ ይመጣል ብላ ጠበቀች፤ አልመጣም።

ከማድ ቤት የወንድሟ የሩበን ድምፅ ይሰማል። ሩበን ከዘጠኝ ዓመት በፊት ለእናቱ ቀብር ሳይደርስ ቀርቶ አባቱ ስሙ በዚህ ቤት እንዳይነሳ አዘዋል። ከወንዙ ማዶ እየኖረ ደጃፋቸውን ረግጦ አያውቅም ነበር። አሁን ለመጣው ሁሉ አንድ ነገር ይደጋግማል፦ «በመጨረሻዋ ሰዓት አስጠራኝ። እኔ ነኝ ያልደረስኩት።» ይህን ሲል ፊቱ የልጅ ፊት ይሆናል።

ሚስስ ሃርከር ወደ ዶርካስ ጆሮ ጠጋ አሉ።

«ለሩበን እንዳትነግሪው። ማክሰኞ ሲመሽ አባትሽን አይቻቸዋለሁ። በጸሎት ቤቱ አጥር ሥር፣ ኮፍያቸውን አድርገው ወደዚህ ሲመጡ። ሰላም ብላቸው ዝም አሉኝ።»

«ሚስስ ሃርከር፣ አባባ እኮ ያኔ ከአልጋ ካልወረደ ሦስት ሳምንቱ ነበር።»

«እሱን መች አጣሁት። አባትሽ ለእንዲህ ያለው ነገር ስም ነበራቸው። ከአማቴ ከታማር ሰምተው ጽፈውታል። እኔ ረሳሁት።»

ሽማግሌው አርባ ዓመት ሙሉ ከሰው አፍ የወጡ አሮጌ ቃላት ሲለቅሙ ኖረዋል። በጨለማና በብርሃን መካከል ላለችው ሰዓት የሚሆን ቃል፣ ከመንጋው ኋላ ለምትቀር በግ የሚሆን ቃል። በሻይ ካርቶን ጀርባ ቃሉን፣ ትርጉሙን፣ ከሥሩም ለመጨረሻ ጊዜ የተናገረውን ሰው ስም ይጽፉና በጫማ ሣጥን ያኖሩታል። እራት ላይ ዶርካስን ይፈትኗት ነበር፤ እሷ ደግሞ ሾርባዋን እያማሰለች፣ «አባባ፣ እንደ ሰው ተናገር። የሙታን ቋንቋ በቃኝ» ትላቸዋለች።

እሳቸውም ይስቁና፣ «እኔ ስሞት ማን ይተረጉምልሻል?» ይሏታል።

ማክሰኞ ሲመሽ ሾርባ እያጎረሰቻቸው ነበር። በድንገት በክርናቸው ተደግፈው ቀና አሉ፣ ከኋላዋ ያለውን በር አፍጥጠው አዩና «ፌች» አሉ። አገሩ ሁሉ ይህን ቃል የሚያውቀው «ሄደሽ አምጪ» በሚል ትርጉሙ ነው። ማንን ብላ ብትጠይቃቸው ዓይናቸውን ከበሩ አላነሱም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይህን ትእዛዝ ስትጠብቅ ለኖረች ሴት ሄዳ የምታመጣው ሰው አንድ ብቻ ነው። ሻሏን ነጥቃ ወደ ድልድዩ ሮጠች። ከሩበን ጋር ሲመለሱ አባቷ ዓይናቸውን በሩ ላይ ተክለው በርደዋል።

ዓርብ፣ አናጢው ክዳኑን ሊመታ ደጅ ቆሞ ሳለ፣ ዶርካስ የጫማውን ሣጥን ከአልጋው ሥር አወጣች። የሚስስ ሃርከር ወሬ ሌሊት እንቅልፍ ነስቷታል። ብዙም ሳትፈልግ አገኘችው፦

«ፌች። ሰው ሊሞት ሲል፣ በምሽት፣ ሊወስደው የሚመጣ የገዛ ራሱ መልክ። ለመጨረሻ ጊዜ የተናገረችው፦ ታማር ሃርከር፣ 1931።»

ደግማ አነበበችው። አባቷ ማንንም አላስጠሩም። ከኋላዋ የቆመውን ነው በስሙ የጠሩት። ያኔ ሌላ ነገር ትዝ አላት። ማክሰኞ ስትሮጥ በሩ ላይ ትከሻዋን አንዳች የሚበርድ ነገር ነክቷት፣ በጠባብ መተላለፊያ ሰው እንደገፋች ሁሉ «ይቅርታ» ብላ ነበር የወጣችው። ይቅርታ ብላ አሳልፋው፣ አባቷን ለብቻቸው ከእሱ ጋር ትታቸው ሄደች። አሁን እንባዋ መጣ፤ እስኪበቃት አለቀሰች።

ወደ ሬሳው ክፍል ስትገባ ሩበን ከሣጥኑ ራስጌ ቆሟል።

«ዶርካስ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሲያስጠራኝ ተቆጥቶ ነበር?»

ካርቶኑ እጇ ውስጥ ነው። የወንድሟን ፊት አየችው።

«አልተቆጣም» አለች። ይህ እውነት ነበር።

እርሳስ አውጥታ ከታማር ስም ሥር ጻፈች፦ «አሞስ ትዌት፣ ማክሰኞ ሲመሽ።» ካርቶኑን በአባቷ ሰደርያ ኪስ ከታ ቁልፉን ቆለፈችው።

«ምንድን ነው የጻፍሽው?»

«አንተን ያመጣህን ቃል።»

ሩበን ራሱን ነቀነቀ። ዶርካስ አናጢውን ልትጠራ ሄደች። በሩ ላይ ስትደርስ ቆም አለች፤ ከዚያም ወደ ጎን ዞር ብላ፣ አንድ ሰው የሚያሳልፍ ቦታ ትታ ወጣች።