ሻምበሉ የጠየቀው ቃል

ሻምበሉ ሬዲዮ ጣቢያውን በያዘ ማግስት ሽጉጡን ጠረጴዛው ላይ አኑሮ ከውጭ የመጣውን የእንግሊዝኛ ዜና ለተርጓሚዋ ዘረጋላት።

«ያደረግነውን ‹ፑች› ብለውታል። ምን ማለት ነው?»

ተርጓሚዋ ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበች።

«ከጀርመንኛ የተወሰደ ቃል ነው ጌታዬ። መነሻው በስዊዞች ጀርመንኛ ድንገተኛ ግፊያ ማለት ነበር። ዛሬ መንግሥትን በኃይል ለመገልበጥ የሚደረግ ሙከራ ነው።»

«ሙከራ?» ዓይኑ ፈጠጠ። «የተሳካውን ነው ወይስ የከሸፈውን?»

መዋሸት አማራት፤ ምላሷ ግን ቀደማት። «አብዛኛውን ጊዜ የከሸፈውን።»

ከአደባባዩ በኩል የታንክ ድምፅ ተሰማ። ሻምበሉ በመስኮት አይቶ ፊቱ አመድ መሰለ፤ የመጡት የእሱ ሰዎች አልነበሩም።

«ልጆች አሉሽ?»

«ሁለት።»

«በይ እህቴ፣ ተኩስ ሳይጀመር በጓሮ በር ውጪ።»

እሷም ጫማዋን በእጇ ይዛ ወደ ልጆቿ ሮጠች።