የቱቦው መንገድ

በዚያ ክረምት ሰማዩ የሰጠውን ቧንቧው ነሳ። ጀሞ ላይ ዝናቡ ሳያባራ ወረደ፤ የኮንዶሚኒየሙ ቧንቧ ግን ከግራውንድ በላይ ጠብ አልል አለ። ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ሲመጣም ጉልበት የለውም፤ ታች ያሉት ቀድተው ሲጨርሱ እሱም ያልቃል። በፍቃዱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ሚስቱ ትሩፋት አልጋ ይዛለች። ገላዋ መታጠብ፣ አንሶላዋ መለወጥ አለበት። በፍቃዱ ጀሪካን ተሸክሞ ደረጃ ሲወጣ ሲወርድ ሰነበተና አንድ ቀን ወገቡ ተያዘ። ከዚያ ወዲያ ጀሪካኑም ቀረ።

የደረሰችለት ግራውንድ የምትኖረው ሀኒፋ ነበረች። ከራሷ ቧንቧ ላይ ቱቦ ሰክታ፣ በትንሽ ፓምፕ እየገፋች፣ በአሸንዳው ጎን ሽቅብ ወደ እሱ መስኮት ላከችለት። የብሎኩ ኮሚቴ ሰብሳቢ ወጋየሁ መጥቶ፣ ቱቦው ግድግዳ ያበላሻል፣ ይቆረጥ አለ። ሀኒፋ ነጠላ ጫማ እንዳደረገች በሯ ላይ ቆመች።

"ቱቦውን የሚቆርጥ ሰው መጀመሪያ ይቺን እጄን ይቁረጥ" አለች። "ውሃ አይከለከልም!"

ማንም አልቆረጠም። ትሩፋት መስቀልን ሳታይ አረፈች፤ ነገር ግን ንጹሕ አንሶላ ላይ አረፈች።

በፍቃዱ ይህንን የሚረሳ ሰው አይደለም። ችግሩ፣ ሀኒፋ ውለታ የምታስመልስ ሴት አልነበረችም። ገንዘብ ቢያወጣ፣ "ውሃ ይሸጣል እንዴ ጋሼ?" ብላ እጁን ወደ ኪሱ መለሰችው። በረመዳን በሳህን ቴምር ቢያወርድላት፣ ሳህኑ ሳምቡሳ ተቆልሎበት ወጣ። በሌላ ጊዜ ብርቱካን ቢልክ፣ ሳህኑ ጣፋጭ ሙሽበክ ይዞ መጣ። አንድ ቀን ተናደደ።

"ምናለ ሳህኑን እንኳ ባዶውን ብትመልሺው?"

"የጎረቤት ሳህን ባዶውን አይመለስም። ባዶውን የሚመልስ የቤት ሰው ብቻ ነው።"

"እኔ ታዲያ ምንድን ነኝ?"

"ጎረቤት ነዎታ!" አለችና ሳቀችበት።

እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመታት አለፉ። ሳህኑ ይወርዳል፣ ይወጣል። ዕዳው ግን ከነበረበት ፈቀቅ አላለም።

"አባዬ! ራውተሩን የት አደረግኸው?"

ልጁ ቤተልሄም ኮምፒውተሯን ታቅፋ ሳሎኑ መሐል ቆማለች። የሒሳብ ሠራተኛ ናት፤ ከሳምንቱ የተወሰኑ ቀናት ከቤት እንድትሠራ መሥሪያ ቤቷ ፈቅዶላት ነው ኢንተርኔት ያስገባችው። መስመሩን የዘረጋው ባለሙያ ትናንት ራውተሩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ መብራቶቹ ሲበሩ አሳይቶ ሄዷል። ዛሬ ጠዋት ጠረጴዛው ባዶ ነው። ከግድግዳው የሚመጣው ሽቦ በቡፌው በር ስንጥቅ በኩል ወደ ውስጥ ገብቷል።

በፍቃዱ ከኪሱ ቁልፍ አወጣ፤ ቡፌውን ከፈተ። ራውተሩ ከሠርጉ ብርጭቆዎች መሐል፣ ትሩፋት በእጇ የሠራችውን ዳንቴል ተከናንቦ ተቀምጧል።

"አባዬ፣ ቆልፈህበት?"

"ከውጭ ትቼው አቧራ ይብላው?"

ቤተልሄም ዳንቴሉን ገልጣ ራውተሩን ነካችውና እጇን ሳበች። "ግሏል እኮ! አፍነህ ልትገድለው ነው። አየር ይፈልጋል። ደግሞስ ከዚህ ሁሉ ብርጭቆና እንጨት ጀርባ ሆኖ እንዴት ይድረሰን?"

"ቴሌቪዥኑ ይኸው ስንት ዘመን ዳንቴል ለብሶ ይሠራ የለ?"

"ቴሌቪዥኑ ይቀበላል እንጂ አይልክም!"

ሳቋ አመለጣት። ራውተሩን አውጥታ ከመስኮቱ አጠገብ ካለው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው። ቴሌቪዥኑን በአጭር ገመድ አያያዘች፤ ከዚያ ኮምፒውተሯን፣ ስልኳን፣ በመጨረሻ የአባቷን ስልክ አስገባች። በፍቃዱ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ያያል። ዕድሜውን በተሳቢ መኪና ያሳለፈ ሰው ነው፤ የማያውቀውን ዕቃ ሳይነካ ብዙ ያየዋል።

"የይለፍ ቃሉን ለማንም እንዳትነግር" አለችው። "ሰው ሁሉ ከተንጠለጠለበት ለእኛ አይተርፍም።"

በሩ ተንኳኳ። የሀኒፋ ልጅ ቢፍቱ ናት። በአንድ እጇ ሳምቡሳ የያዘ ሳህን፣ በሌላው ስልኳን ይዛለች። ሳህኑ የእነ በፍቃዱ ነው፤ ባለፈው ሳምንት ሙዝ ይዞ ወርዶ ነበር። ሀኒፋ ከጥምቀት ጀምሮ አልጋ ላይ ናት፤ ደረጃ ላይ ወድቃ ዳሌዋ ተሰብሯል።

"ጋሼ፣ ኢንተርኔት አስገባችሁ ሲሉ ሰምቼ ነው" አለች ቢፍቱ ወደ መሬት እያየች። "ሥራ አግኝቻለሁ። ደንበኞች በኮምፒውተር ሲጠይቁ በጽሑፍ መመለስ ነው፣ ከቤት ሆኖ። ነገ ጠዋት እጀምራለሁ። በስልኬ ዳታ ስሞክረው ግራውንድ ላይ ይቆራረጣል። ለራሳችን መስመር ተመዝግበናል፤ ተራው ገና ነው። ነገ ካልገባሁ ቦታውን ለሌላ ሰው ይሰጡታል።"

ቤተልሄም አባቷን አየችው። አባቷም አያት። ቤተልሄም የቢፍቱን ስልክ ተቀብላ የይለፍ ቃሉን ራሷ ጻፈችላት።

ቢፍቱ አመስግና ወረደች። ብዙም ሳትቆይ ግን እያለከለከች ተመለሰች።

"ሁለተኛ ፎቅ ድረስ አለ። አንደኛ ላይ ይደክማል። እኛ ቤት ሲደርስ ይሞታል።"

"እዚህ ወጥተሽ ሥሪያ" አለች ቤተልሄም። "ሳሎኑ ቀን ቀን ባዶ ነው።"

"እማዬንስ ማን ያገላብጣታል?"

በፍቃዱ ቀና አለ። ያቺን ቃል ያውቃታል። በዚያ ክረምት ከአፉ አትጠፋም ነበር። ወደ መደርደሪያው ሄዶ ራውተሩን አዞረው።

"እነዚህ ከጀርባው ያሉት ቀዳዳዎች ምንድን ናቸው?"

"ለገመድ ናቸው። አንዱ ላይ ቴሌቪዥኑን ሰክቼዋለሁ።"

"ሌሎቹስ?"

"ባዶ ናቸው።"

"ገመዱ ረዥም ቢሆን ይሠራል?"

"ይሠራል፤ እንዲያውም ከአየሩ ይሻላል።" ቤተልሄም ነገሩ ገባት። "አባዬ፣ ቆይ። የይለፍ ቃል መስጠት ሌላ፣ ከመስኮት ገመድ ማውረድ ሌላ። ቀኑን ሙሉ አብራን ስትጠቀም የእኔ ሥራ ቢጓተትስ? ደግሞ በመስመሩ ላይ አንድ ነገር ቢፈጠር ተጠያቂው ባለ መስመሩ ነው።"

"መስመሩ በማን ስም ነው?"

"በአንተ። ቤቱ ያንተ ስለሆነ ባንተ መታወቂያ ነው የወጣው።"

"እንግዲያው እኔን ይጠይቁኝ።"

ኮፍያውን አድርጎ ወጣ። ከጀሞ ሱቆች ሲመለስ ጫፍና ጫፉ ላይ መሰኪያ የተገጠመለት ሰማያዊ ገመድ እንደ ጥቅል ልጓም ትከሻው ላይ ነበር። አንዱን ጫፍ ባዶው ቀዳዳ ውስጥ ሰካ፤ ቀጭ ሲል ሰማው። ሌላውን በፌስታል ጠቀለለና ከመኪናው ዘመን የተረፈ ከባድ ብሎን አስሮበት በመስኮት ለቀቀው። ገመዱ በአሸንዳው ጎን ቁልቁል ተምዘገዘገ። ታች ቢፍቱ ጠበቀችው።

"ያዝኩት ጋሼ!"

አሁን ነፋስ እንዳያንገላታው መታሰር አለበት። በፍቃዱ ፒንሳውን ኪሱ ከቶ በደረጃው ወረደ። በየፎቁ በደረጃው ክፍት ቦታ እጁን ሰድዶ አሸንዳውን ዳሰሰ። ቱቦው ታስሮባቸው የነበሩት ሽቦዎች ዝገው እዚያው ነበሩ። ገመዱን በእነሱ ውስጥ እያሳለፈ፣ በድሮው የጭነት ሸራ ቋጠሮ ጠበቅ እያደረገ ቀጠለ። አንደኛ ፎቅ ሲደርስ ወጋየሁ ከታች እየወጣ አገኘው።

"ጋሽ በፍቃዱ፣ ምን እየሠሩ ነው?"

"መስመር እያወረድኩ።"

"ግድግዳ ላይ ገመድ ማንጠልጠል ክልክል እንደሆነ መግቢያው ላይ ተለጥፏል።"

"ያ ወረቀት ቱቦ ነው የሚለው።"

"ቱቦ ሆነ ገመድ አንድ ነው!"

"አንድ መሆኑንማ ከአንተ በፊት አውቃለሁ።"

ወጋየሁ ተቆጣ። "እርስዎ ዛሬ ገመድ ያወርዳሉ፤ ነገ ሌላው ይከተላል። ሕንፃው ሸረሪት ያደራበት ሊመስል ነው። ስንት ዓመት የለፋሁበት ብሎክ ነው!"

"አራተኛ ፎቅ ላይ የተሰቀለው ያ ጉድ የሚያህል ዲሽ የማን ነው?"

"የእኔ ነው። እሱ ከመመሪያው በፊት የተተከለ ነው።"

"ጃንጥላ መስሎኝ ነበር።"

ታች ቢፍቱ ስትስቅ ተሰማ። የወጋየሁ ፊት ቀላ።

"ቀልድ አይደለም፤ አስቆርጠዋለሁ!"

በፍቃዱ ፒንሳውን ከኪሱ አወጣና እጀታውን ወደ ሰውየው አዙሮ ሰጠው። ከዚያ ግራ እጁን የደረጃው ብረት ላይ፣ ልክ ገመዱ በሚያልፍበት ዘረጋው።

"ማንን ታስለፋለህ፣ ራስህ ቁረጠው። ግን ከዚህች ጀምር። ገመዱ ቀጥሎ ነው።"

ወጋየሁ እጁን አየ። ሸክላ የመሰለ፣ መሪ ያደነደነው የሽማግሌ እጅ ነው። ግን ከቦታው አልተነሳም። እንዲህ ያለ ነገር ከዚህ በፊት የሰማው ታች በር ላይ፣ ነጠላ ጫማ ካደረገች ሴት አፍ ነበር። ያኔም ዝናቡ እየወረደበት ተመልሶ ሄዷል።

"የሀኒፋ ነው?" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"የሀኒፋ ነው።"

ወጋየሁ ፒንሳውን አንዴ ገለበጠና መለሰለት። አንድ ሁለት ደረጃ ወጣና ዞረ።

"ቢያንስ ነጭ ቢሆን አይሻልም ነበር? ከግድግዳው ጋር እንዲመሳሰል?"

"የተገኘው ሰማያዊ ነው።"

በፍቃዱ የመጨረሻውን ቋጠሮ አስሮ ወደ ሀኒፋ ቤት ገባ። ቢፍቱ ገመዱን ኮምፒውተሯ ጎን ላይ ሰክታ ትጠብቃለች። ትንሿ አረንጓዴ መብራት ብልጭ አለች፤ ጠፋች፤ ደግማ በራች፤ ከዚያ ረጋች።

"ገባ! እማዬ፣ ገባ!"

ሀኒፋ ትራሷን ተደግፋ ገመዱን በዓይኗ ተከተለችው። ከኮምፒውተሩ ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ አሸንዳው፣ ሽቅብ።

"በቱቦው መንገድ ነው ያመጡት" አለች።

"ሌላ መንገድ አላውቅም።"

"እንግዲህ የእኛን ድርሻ በየወሩ..."

"መስመር ይሸጣል እንዴ?"

ሀኒፋ ዳሌዋን ይዛ፣ "አያስቁኝ፣ ያመኛል!" እያለች ሳቀች።

በፍቃዱ ቤቱ ሲመለስ ቤተልሄም ሳምቡሳውን አንስታ ሳህኑን አጥባዋለች። ብርቱካን ደርድራበት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣለች።

"ስትወርድ ይህን አድርስላቸው።"

በፍቃዱ ሳህኑን ጥቂት አየው። ብርቱካኖቹን እያነሳ ወደ ቅርጫታቸው መለሰ።

"አባዬ! ባዶውን ልታወርደው ነው? ደግሞስ የእኛ ሳህን አይደል? ነውር ነው!"

"ይሁን።"

በደረጃው ወረደ። በየፎቁ ገመዱን በጣቱ ነካ ነካ አደረገው፤ ጠብቋል። ሀኒፋ አልጋ አጠገብ ቆሞ ሳህኑን ዘረጋላት። በሁለት እጇ ተቀበለችው። አየችው፤ ገልብጣም አየችው።

"ባዶ ነው ጋሼ።"

"አዎ፣ ባዶ ነው።"

ሀኒፋ ሳህኑን ጭኗ ላይ አደረገች። ጠርዙን በመዳፏ ጠራረገችው። ከዚያ ወደ ልጇ ዞረች።

"ቢፍቱ፣ እንቺ። ከእኛዎቹ ሳህኖች ጋር አድርጊው።"