የወይዘሮ ጁወይሪያ ቀኝ ዓይን

ወይዘሮ ጁወይሪያ ከአልዩ አምባ ደብረ ብርሃን፣ እኔ የምሠራበት ሆስፒታል የደረሱት ሰኞ ረፋድ ላይ ነው። ግንባራቸውና የቀኝ ዓይናቸው ቆብ ውኃ በቋጠረ ሽፍታ ተሸፍኗል። ግራ ዓይናቸውን በልጅነታቸው እሾህ አጥፍቶታል፤ ገበያ የሚውሉት በቀኙ ነበር። ከትናንት ወዲህ ግን ቀዩ በርበሬ አመድ መስሎ ይታያቸዋል።

ቫይረሱ ወደ ዓይን ነርቭ ደርሷል። ተኝተው አሲክሎቪር የተባለውን መድኃኒት በደም ሥር እንዲወስዱ ወሰንኩ። ስምንት ዓመት ባሕር ማዶ ተምሬም በአገሬ ቋንቋ ማስረዳት አያቅተኝም ብዬ እኮራ ነበርና የበሽታውን ስም ነገርኳቸው፤ አልማዝ ባለጭራ።

ባለቤታቸው አቶ ሀምዳን ወዲያው ተነሡ።

“እሱማ መርፌ አይወድም፣ ዶክተር። መርፌ ከነካው ይገድላል። የሚያውቅ ሰው እኛው ዘንድ አለ።”

ወይዘሮ ጁወይሪያ ግን ከወንበሩ አልተነሡም። ኪኒን የለውም ወይ ብለው ጠየቁኝ። ነበረው። ከመርፌው ቢያንስም ነበረው። እኔ ግን ለነርቭ በኪኒን አይቀለድም አልኩ። ብጠነክርባቸው እጃቸውን የሚሰጡኝ መስሎኝ ነበር። የቆላው መኪና እንዳያመልጣቸው ሄዱ።

ነርሷ ፍቅርተማርያም ለአልዩ አምባ ቅርብ የሆነው የጎረቤላ ልጅ ናት። የበሽታውን ስም ለምን እንደጠራሁባቸው ጠየቀችኝ።

“ቫይረስ ነው ብትላቸው ይተኙ ነበር። እኛ አገር አልማዝ ባለጭራ ሐኪም ቤት አይሄድም።”

ለምን ቀድማ እንዳልነገረችኝ ልቆጣት ፈለግኩ። መች ጠየቅኳት? ልመልሳቸው ብደውል ያስመዘገቡት ስልክ ሁለት ቀን ሙሉ አልነሣ አለኝ።

ሐሙስ ተመለሱ። ፊታቸው ላይ የተቀባው ቅጠል ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ጣቶቼን አሳየኋቸው፤ አላዩም። ባትሪ ሳበራ ብቻ ወደ ብርሃኑ ዞሩ።

“በል ውጋኝ” አሉ። “ኪኒኑን ሰኞ ብትሰጠኝ እውጠው ነበር፣ ልጄ። ሀምዳን ኪኒን አይፈራም።”

 ክንዳቸውን አሰርኩና ደም ሥር ፈለግኩ።

ዐሥር ቀን ተኙ። ሽፍታው ደረቀ። በመጨረሻው ቀን የእጄን መወዛወዝ ለዩ፤ መዝገቡ ላይ “መሻሻል አለ” ብዬ ጻፍኩ፤ ጽፌም ተናደድኩ። አቶ ሀምዳን ሚስታቸው መቼ ገበያ እንደሚወጡ ጠየቁኝ። ማየቱ ከተመለሰም በወራት ነው፣ ላይመለስም ይችላል አልኳቸው።

 ጎንበስ ብለው የሚስታቸውን ጫማ ከአልጋው ሥር አወጡና እግራቸው አጠገብ አስቀመጡላቸው። ወይዘሮ ጁወይሪያ ግራውንና ቀኙን በእጃቸው ዳሰው ለይተው ተጫሙ።