እስከ ድንበር በነፃ

ሃንጋሪ ውስጥ ስልሳ አምስት ዓመት የሞላው ሰው ባቡር ሲሳፈር አይከፍልም። ስለዚህ በታታባኛ ከተማ ጡረተኞች ዘንድ ወደ ቪየና ቀጥታ ቲኬት መቁረጥ የሞኝ ሥራ ነው። እስከ ድንበሩ ጣቢያ እስከ ሄጌሽሃሎም በነፃ ሄዶ፣ እዚያ ወርዶ፣ የቀረችውን መንገድ በርካሹ አዝጋሚ ባቡር መጨረስ ነው እንጂ! በዚህ ብልሃት ሮዛሊያን የሚያህል አልነበረም።

እህቷ ፒሮሽካ ቪየና ሆስፒታል ውስጥ እያጣጣረች መሆኗን በስልክ የነገረቻት የእህቷ ልጅ ኤሞኬ ናት።

«አክስቴ፣ ዛሬ ነገ የምንልበት ጊዜ አይደለም። የጠዋቱን ቀጥታ ባቡር ያዢ። ቲኬቱን እኔ ልቁረጥልሽ?»

«ኧረ ቆርጫለሁ!» አለች ሮዛሊያ። አልቆረጠችም።

«በቃ፣ ለቀትር ትደርሳለች ብዬ ለእማዬ ልንገራት።»

ጠዋት ጣቢያው ላይ ጎረቤቷ ሽማግሌው ዴዦ የነፃውን ባቡር ስትጠብቅ አያትና፣ «አንቺ እኮ ገነት በር ላይም ቅናሽ ሳትጠይቂ አትገቢም!» አላት። ሳቀች። ያን ጊዜ ገና መሳቅ ትችል ነበር።

ሄጌሽሃሎም ወርዳ አዝጋሚውን ስትጠብቅ ይዘገያል ተባለ። ወዲያው ፈጣኑ ባቡር መጥቶ ፊት ለፊቷ ቆመ። ቲኬት ተቆጣጣሪው ብቅ አለ።

«እማማ፣ ቪየና ነዎት? ይግቡ እንጂ!»

«ቲኬቴ የአዝጋሚው ነው፣ ልጄ።»

«ለዚህኛው እንደገና ይከፍላሉ እንጂ! ውስጥ እቆርጥልዎታለሁ።»

ዋጋውን ነገራት። ቦርሳዋ ውስጥ ከዚያ የሚበልጥ ነበራት። አንጀት የሚያቃጥለውም ይኸው ነው። ገንዘቡ ባይኖራት ኖሮ፣ ቢያንስ አጣሁ ብላ ታለቅስ ነበር። እጇ ግን የዕድሜ ልክ ልማዱን ይዞ ቦርሳውን አልከፍት አለ።

«ተወው፣ የኔም አሁን ይመጣል» አለች።

ተቆጣጣሪው ትከሻውን ነቀነቀ፤ በሩ ተዘጋ። የእሷ ባቡር ግን ሐዲድ ተበላሽቶ ቀረ። ተከታዩ የመጣው ቀትር ካለፈ በኋላ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ነው፤ ብብቷ ውስጥ የነበረው ግን እህት ነበር።

ሆስፒታሉ ስትደርስ ኤሞኬ ኮሪደሩ ላይ ቆማለች። ዓይኗን ስታይ ሮዛሊያ እህቷ እንዳረፈች ገባት። ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

«አሁን፣ ትንሽ ቀደም ብሎ ነው» አለች ኤሞኬ። «ሰው በገባ ቁጥር ‹ሮዚ ናት?› ትለኝ ነበር። ባቡሩ ዘግይቶ ነው፣ እማዬ፣ እያልኩ አጽናናኋት።» አክስቷን አቀፈቻት። «ዘግይቶ ነው አይደል፣ አክስቴ?»

አዎ ብትል ማንም አይመረምራትም ነበር።

«አልዘገየም» አለች ሮዛሊያ። «በሩን ከፍቶ ፊቴ ቆሞልኝ ነበር።»