በረኪናውና አሲዱ

ሀጀራ ከጂዳ ከተመለሰች ሁለት ዓመቷ ነው። መካነ ሰላም ላይ በብዙነህ አልቤርጎ ጽዳት ትሠራለች፤ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ አሥራ አንደኛ ክፍል ትማራለች። ጂዳ ሳለች አሠሪዋ መዳም በረኪናና አሲድ ቀላቅላ መታጠቢያ ቤት አስጠርጋት፣ ደረቷ ተቃጥሎ ሳምንት ሙሉ ደም ስትተፋ ሰንብታ ነበር። ምክንያቱን ያወቀችው ግን ባለፈው ቅዳሜ፣ የኬሚስትሪ መምህሯን ራሄልን ጠይቃ ነው።

«የበረኪናው ክሎሪን ኤሌክትሮን ጎድሎታል፤ የአሲዱ ደግሞ ተርፎታል» አለቻት ራሄል፣ ሰሌዳው ላይ ሁለት ክብ እየሣለች። «ሲገናኙ ጥንድ ኤሌክትሮን መሃላቸው አድርገው እኩል ይካፈላሉ። ተጣምረው የሚወጡት ግን መርዝ ጋዝ ሆነው ነው።»

በገበያው ማግስት የአልቤርጎው ሽንት ቤት ገንፍሎ አደረ። ዐይነ ምድሩ ደፉን አልፎ ወለሉ ላይ ተንጣሏል፤ ዝንብ ወሮታል። ሀጀራ አፍንጫዋን በሻሽ አስራ፣ እየተጸየፈች ስትጠርግ የአልቤርጎው ባለቤት ብዙነህ አንድ ጠርሙስ በረኪናና አንድ ጠርሙስ አሲድ ይዞ መጣ።

«ሁለቱንም ድፊው። ሽታውን ድራሹን ያጠፋዋል።»

«ጋሼ፣ እነዚህ አይቀላቀሉም። መርዝ ይወጣቸዋል።»

«የዐረብ ቤት ስትጠርጊ ኬሚስት ሆነሽ መጣሽ?» አለና ገፋ አድርጓት ራሱ ደፋው።

ፈሳሹ ተንቸፈቸፈ፤ ቢጫ የመሰለ ጭስ ከወለሉ ተነሣ። ብዙነህን ሳል አጣደፈውና እዚያው ዐይነ ምድሩ ላይ ተዘረረ። ሀጀራ ትንፋሿን ውጣ በብብቱ ይዛ ግቢው ድረስ ጎተተችው። ቀሚሷ ላይ አስታወከባት። ፊቱን በውኃ አጠበችለት፤ ሰው ጠርታም ጤና ጣቢያ አስወሰደችው።

ከሰዓት በኋላ ብዙነህ ተመልሶ በረንዳው ላይ ከእንግዶች ጋር ለምሳ ተቀመጠ። ሀጀራ ቀሚሷን ለሦስተኛ ጊዜ ስታሽ ድምፁን ሰማች።

«ይቺ ልጅ ምኑን ከምኑ ቀላቅላ ልትገድለኝ ነበር።»

አፏን መራራ ምራቅ ሞላው። ጠዋት እንኳ እንዲህ አላቅለሸለሻትም። እጇን ሳትጠርግ ሄዳ ፊቱ ቆመች።

«የደፉት እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ። እኔ ይተዉ ብዬዎት ነበር።»

«ሥራሽን አትፈልጊውም?»

«አልፈልገውም።»

ከእንግዶቹ አንዱ፣ የጭነት መኪና ሾፌር፣ ብዙነህን ትክ ብሎ አየውና እጁን ከማዕዱ አነሣ። ሀጀራ ልብሷን በፌስታል ጠቅልላ ወጣች። አስፋልቱ ጋ እስክትደርስ ሁለት ጊዜ ቆማ ተፋች፤ የዚያን ዕለት እህል አልቀመሰችም።